ያልተመታ ክራር፦ የዩኒቨርሲቲው ሙዚየምና ባለቤቱ ሕዝብ

በስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የሰፈረበት ቤት ራሱ ቅርስ ነው። የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መኳንንትና ሚኒስትሮች የተረሸኑበት፣ ከዚያም ንጉሠ ነገሥቱ ለዩኒቨርሲቲ የለቀቁት አዳራሽ ነው። ከፊት ለፊቱ ፋሺስት ኢጣልያ የሠራችው ጠመዝማዛ ደረጃ ቆሟል፤ እርከኖቹ እ.ኤ.አ. ከ1922ቱ የሮማ ሰልፍ ወዲህ ያሉትን የፋሺስት ዓመታት እንዲቆጥሩ የታሰቡ ነበሩ። ዛሬ ከጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። ደረጃው አልፈረሰም፤ ትርጉሙ ግን ተገለበጠ። ተራኪ ሳያስፈልገው ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ የሚናገር ትያትር ነው፤ ከውስጥ ካሉት ብዙ መግለጫዎች ይልቅም አንደበተ ርቱዕ ነው።

የውስጡ አደረጃጀት ምስጋና የሚገባው ነው። የሕዝቦች መገልገያ ዕቃዎች በየብሔረሰቡ ስም ተከፋፍለው ሳይሆን የሰውን ዕድሜ ተከትለው፣ ከልጅነት በጎልማሳነት አልፎ እስከ ሞት ተደርድረዋል። የቆላውና የደጋው ሕፃን በአንድ ገቢር ይገናኛሉ። ጎብኚው «እነርሱ» ከማለቱ በፊት የራሱን እናት ያስታውሳል። ይህ በሳል ሐሳብ ነው።

ነገር ግን መድረኩ ተዋናይ የለውም። ክራሩም በገናውም ዝም ብለዋል። ክሩ ያልተመታ ክራር እንጨትና ቆዳ ብቻ ነው፤ ስለ ዜማው የሚተርክ ወረቀት ዜማ አይሆንም። የሞትን ሥርዓት በሚመለከት ጉዳዩ ይከብዳል። የኮንሶ ዋካ ለአንድ ለታወቀ ሟች፣ ከሚስቶቹና ከጣላቸው ጠላቶች ምስል ጋር፣ በሀገሩ መሬት ላይ እንዲቆም የሚጠረብ ነው። ከመቃብሩ ተነቅሎ በአዳራሽ ሲቆም ሟቹ ስሙን ያጣል፤ «የእንጨት ቅርጽ» ይሆናል። ከተሰረቁት ዋካዎች የተገኙት በኮንሶ ካራት ከተማ በሚገኘው ሙዚየም፣ በባለቤቶቻቸው መካከል መጠለላቸው ለዩኒቨርሲቲው ምሁራን ሊያሳስባቸው የሚገባ ትምህርት ነው።

በአራት ኪሎ የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ስብስብ አለ፤ የእርሱ ጣጣ ሌላ ነው። የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ግን ከጀርመን የተመለሱትን ሥዕሎች በማሳየቱ አንድ ባለቅኔና ሠዓሊ በስደት ከሞተ በኋላ በሥራው ወደ ሀገሩ እንዲገባ አድርጓል። ይህን ማሳነስ አይቻልም።

ሙዚየሞች ስለ ሕዝባዊ ተሳትፎ ሲናገሩ አብዛኛውን ጊዜ የጎብኚ ቁጥር ይጠቅሳሉ። ተማሪዎች በሰልፍ ይገባሉ፣ በሰልፍ ይወጣሉ፤ ተሳትፎውም በዚሁ ይመዘገባል። ይህ ሕዝቡን ተመልካች ያደርገዋል እንጂ ባለቤት አያደርገውም። የሚያሳዝነው ደግሞ ዩኒቨርሲቲው የተሻለ ልምድ የነበረው መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ፣ ተቋሙ ገና ሳይመሠረት፣ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በኢትኖሎጂ ማኅበራቸው ውስጥ የየመጡበትን አካባቢ ልማድ እየጻፉ በቡለቲን ያሳትሙ ነበር። ስለ ሠርጉ የሚጽፈው በሠርጉ የጨፈረ ነበር፤ ስለ ለቅሶው የሚጽፈውም በለቅሶው የተቀመጠ። ምሁርና ባለቤት አንድ ሰው ነበሩ።

እንዲህ ያለው ሥራ ገንዘብ ከሚጠይቀው ይልቅ ፈቃድ ይጠይቃል። የበገና መምህሩ በወር አንድ ቀን በአዳራሹ ተቀምጦ ይደርድር። ሸማኔው ከሙዚየሙ መሣሪያ ጎን የራሱን ዘርግቶ ይሥራ፤ መግለጫውንም አንብቦ የተሳሳተውን ያርም። እርማቱም ከነስሙ ከመግለጫው ሥር ይለጠፍ።