መቀስ ያልደረሰው ቡድን፦ ስለ «የንግድ ጨዋታ» ያለኝ አስተያየት



ባለፈው ዓርብ የተጫወትነውን «የንግድ ጨዋታ» እስቲ እንመዝነው። ጨዋታውን ያወጣው በብሪታንያና በአየርላንድ አብያተ ክርስቲያናት የተቋቋመው ክርስቲያን ኤይድ ነው። ዓላማው ወጣቶች የዓለም ንግድ እንዴት እንደሚያዳላ እንዲያዩ ነው። ላልነበራችሁት ባጭሩ፦ እያንዳንዱ ቡድን አንድ አገር ነው። ለአንዱ መቀስ፣ ማስመሪያና እርሳስ ይሰጠዋል፤ ለሌላው ወረቀት ብቻ። ሁሉም በልኩ ክብና ሦስት ማዕዘን ቆርጦ ለ«ባንኩ» ይሸጣል። ሕጉ ለሁሉም አንድ ነው፤ መነሻው ግን አንድ አይደለም።

የኔ ቡድን የደረሰው ወረቀት ነበር። መቀስ ስንለምን «ከቆረጣችሁት እኩሌታው የኛ» አሉን። አያቶቻችን የሚያወሩት የእኩል አራሽ ነገር ትዝ አለኝ። ለፍተን ቆርጠን ስናቀርብ ደግሞ ባንኩ «ዋጋ ወርዷል» አለን። ቡናችንም እኮ እንዲሁ ነው፤ የሚለቀመው ይርጋጨፌ፣ ዋጋው የሚቆረጠው ኒውዮርክ ገበያ። ይህን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ የገባኝ ግን ዓርብ ነው። ለዚህ ጨዋታው ሊመሰገን ይገባል።

ግን ሁለት ነገር ጎድሎታል።

አንደኛ፣ የሚሸጠው ወረቀት ብቻ ነው። ሰው ራሱ ለሥራ ወደ ባለመቀሱ አገር አይሄድም። ደላላ የለም፣ ብድር የለም፣ ከፊል የለም፣ ኢቃማ የለም። ሕጉም ለሁሉም አንድ ነው ይላል። እኛ ያለንበት የሳዑዲ የሥራ ሕግ ግን የቤት ሠራተኛን አያካትትም፤ የምንተዳደረው ለብቻ በወጣ ደንብ ነው።

ሁለተኛ፣ ፊሽካ ሲነፋ ያልቃል። ተሳስቀን ሻይ ጠጣን። ከባለመቀሶቹ አንዱ «ዋናው ብልጥ መሆን ነው» ሲል ሰማሁት። ሳንወያይበት ከተለያየን ጨዋታው የሚያስተምረው ፍትሕን ሳይሆን ብልጠትን ነው።

ስለዚህ እንዲህ እናድርገው። አንድ ተጫዋች ወደ ሌላ ጠረጴዛ ለሥራ ትሂድ። ስትጀምር ዕዳ ያለባት ትሁን፤ ያለ ባለጠረጴዛው ፈቃድም መነሳት አትችል። ሲያልቅ የያዕቆብን መልእክት ምዕራፍ 5 ስለተከለከለው የአጫጆች ደመወዝ እናንብብ። ከዚያ የአገራችንን የ2008 ዓ.ም. የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 እንይ። አዋጁ የቪዛንና የደርሶ መልስ ትራንስፖርትን ወጪ የጣለው አሠሪው ላይ ነው። ይህን ሳያውቁ ለደላላ የከፈሉ ስንቶቻችን ነን?

ይህን የምለው ለጨዋታ ብዬ አይደለም። ታናሽ እህቴ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። «እኔም ልምጣ» ትለኛለች። በስልክ ብመክራት «አንቺ ሄደሽ የለ?» ትላለች፤ መልስ የለኝም። አገር ቤት ባለው ሰንበት ትምህርት ቤት ይህን ጨዋታ ከነዕዳው ብትጫወተው ግን፣ ብትመጣም እንኳ ዓይኗን ከፍታ ትመጣለች።

ለመወያያ፦
1. ባለመቀሶቹ ምን ማድረግ ይችሉ ነበር? ለምን አላደረጉም?
2. ጨዋታውን አገር ቤት ላሉ ታናናሾቻችን በምን መንገድ እናድርስ?

እግዚአብሔር ማስተዋሉን ይስጠን።