«የውስጥ መርዝ» እና «ይለቃል»፦ በሁለት አጠቃቀሞች ላይ የቀረበ ሂስ

ኢንዶቶክሲንን «የውስጥ መርዝ»፣ ኤክሶቶክሲንን «የውጭ መርዝ» ማለት የባዕዱን ቃል ክፍሎች መመንዘር እንጂ ጽንሰ ሐሳቡን መተርጐም አይደለም። ሪቻርድ ፋይፈር እ.ኤ.አ. በ1892 የኮሌራን ባክቴሪያ ሲመረምር፣ መርዙ በባክቴሪያው ውስጥ ታምቆ ሲሞት ብቻ የሚወጣ መስሎት ነበር። በኋላ እንደ ታወቀው ግን ይህ መርዝ የግራም ኔጌቲቭ ባክቴሪያዎች የውጭ ልባስ አካል ነው፤ ስብና ስኳር የተጣመሩበት። እንግዲህ «የውስጥ» ስንል የተሻረውን ግምት በአማርኛ ዳግም እናጸናለን። በእኛ አስተያየት «የልባስ መርዝ» ይሻላል።

የበለጠ የሚያሳስበን ግሡ ነው። «አንቲባዮቲክ ሲሰጥ ባክቴሪያው መርዝ ይለቃል» የሚለው ዐረፍተ ነገር የተለያዩ ክንውኖችን በአንድ ግሥ ያዳፍናል። ፔኒሲሊን የግድግዳውን ሥራ ሲያሰናክል ባክቴሪያው ይፈነዳል፤ የያዘውም ይዘረገፋል። እዚህ ላይ ለቃቂ የለም፤ ባለቤቱ ሞቷል። ክሊንዳማይሲን በአንጻሩ ፕሮቲን እንዳይሠራ ስለሚገታ መርዙ ከመነሻው እንዳይመነጭ ያደርጋል፤ ሐኪሞችም በከባድ የስትሬፕቶኮከስ ሕመም ከፔኒሲሊን ጋር ደርበው የሚያዙት ስለዚህ ነው። የሺጋን መርዝ የሚያመነጨው ኢ. ኮላይ ደግሞ ሌላ ነው፤ ዲ.ኤን.ኤ.ን የሚጐዱ አንዳንድ መድኃኒቶች በውስጡ ያንቀላፋውን ቫይረስ ይቀሰቅሱና መርዙ በብዛት ተሠርቶ ባክቴሪያው ሲፈነዳ ይወጣል። አማርኛ «አመነጨ»፣ «ለቀቀ»፣ «ተዘረገፈ» እያለው ተርጓሚ በአንዱ ቢወሰን ድህነቱ የቋንቋው አይደለም።

ነገሩ የቃላት ክርክር ብቻ አለመሆኑን ግርሻ ያሳየናል። በቅማል የሚተላለፈው ይህ ትኩሳት የያዘው ሰው የመጀመሪያውን መድኃኒት በወሰደ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊንቀጠቀጥ፣ ትኩሳቱ ሊያሻቅብ፣ የደም ግፊቱም ሊወርድ ይችላል፤ ቀድሞ በቂጥኝ ሕሙማን ላይ በታየው፣ በያሪሽና በሄርክስሃይመር ስም በሚጠራው ምላሽ ምክንያት። የነርሶችን መመሪያ የሚመልስ ሰው «መድኃኒቱ መርዝ ይለቃል» ብሎ ቢጽፍ፣ ቃሉ ከነርሷ አፍ ወደ በሽተኛው ጆሮ ደርሶ መርፌውን ያስጠላዋል። «ከሚሞቱት ተሕዋስያን በሚዘረገፈው ነገር የተነሣ» ቢል ግን መድኃኒቱ መሥራቱን፣ በሽተኛውም በእነዚያ ሰዓታት ከዓይን መራቅ እንደማይገባው ያስታውቃል። «የውስጥ መርዝ» ማለትም፣ እኛው ያቀረብነው «የልባስ መርዝ»ም እዚህ አይሠራም፤ የግርሻ ባክቴሪያ ያ የስብና የስኳር ጥምር የለውምና ሁከቱን የሚያስነሡት ስብ የተያያዘባቸው ፕሮቲኖች ናቸው። ለእነዚህ የሚስማማ ስም እስኪገኝ ሊፖፕሮቲን መባላቸውን አንቃወምም።