እግሩ ያበጠ ስደተኛ

«ገበሬው ቀዬውን ለምን ይለቃል?» ሲባል መልሱ ምላሳችን ጫፍ ላይ ነው፤ መሬት ጠበበ፣ ማዳበሪያ ተወደደ። እውነት ነው፤ አልክድም። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ካለው ደጋ ግን እግሩ ስላበጠ ብቻ የሚሰደድም አለ።

በሽታውን ዝሆኔ እንለዋለን፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ትንኝ የምታመጣው ዝሆኔ የቆላ ነው። የደጋው ግን ከአፈር ነው የሚመጣው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ አፈር ባዶ እግርን ለዓመታት ሲነካ፣ ደቃቁ ቅንጣት በቆዳ ገብቶ ፈሳሽ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቱቦዎች ይጎዳል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

ታዲያ ሰው ለምን ይሸሸዋል? «የዘር ነው» ይባላላ! ክፋቱ፣ ወሬው ግማሽ እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት ለበሽታው ተጋላጭነት በዘር እንደሚወረስ አሳይቷል። አፈሩ እግሩን ካልነካው ግን ዘሩ የፈለገው ቢሆን ማንም አይታመምም። ይህን ሁለተኛውን ግማሽ መንደሩ አልሰማም። ሽማግሌ ሲላክ ሰባት ቤት ዝምድና የሚቆጥር ወገን፣ በዚያው እግርም ይቆጥራል። የታላቅየዋ እግር ካበጠ የታናሽየዋ ትዳር ይቀራል። እናም ታማሚዋ «እኔ ልሂድላቸው» ብላ ትወጣለች፤ ወደ ጠበል፣ ወደ ከተማ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጅ። እዚያ «የማን ልጅ ነሽ?» የሚላት የለም።

የሚያሳዝነው ደግሞ መድኃኒቱ ያለው ጥላው በወጣችው ቤት መሆኑ ነው። በምሥራቅ ጎጃም 696 ታማሚዎች ለአንድ ዓመት የተከታተሉት ሙከራ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። እግራቸውን በሳሙና እየታጠቡ፣ ቅባት እየተቀቡ፣ ፋሻና ጫማ ያደረጉት ሕመሙ በአማካይ 19.4 ጊዜ ሲነሳባቸው፣ ሌሎቹን 23.9 ጊዜ አስተኝቷቸዋል። ልዩነቱ ትንሽ የሚመስለው ለአራትና ለአምስት ተጨማሪ ጊዜ አልጋ ላይ ወድቆ ለማያውቅ ሰው ነው። ግን ደጀ ሰላም ሥር ያደረ ሰው ሳፋና ንጹሕ ውኃ ከየት ያመጣል?

ጫማ ማደል ጥሩ ነው፤ ለሕፃናት በተለይ። ካበጠ በኋላ ግን የገበያ ኮንጎ ጫማ አያስገባም፤ በልክ መሠራት አለበት። እሺ፣ ይሠራ። ለስብሰባውም ታማሚውን እንጠራለን፣ ስለ ንጽሕና እናስተምረዋለን። «ከነዚያ ቤት አልጋባም» ያለውን አባት ጠርቶ ያስቀመጠ ስብሰባ ግን ብዙ አላየሁም።