ከመልኩ በፊት ኩሽኔታው

ከውዳቂ ብረት ተንቀሳቃሽ ቅርጽ የምንሠራ ሰዎች አንድ የተለመደ ስህተት አለብን፤ ብረቱን በመልኩ እንመርጣለን። ማንኪያው ላባ፣ ካቴናው አከርካሪ፣ ካንዴላው ጣት ይሆናል። ወፉ ተበይዶ ካለቀ በኋላ ደግሞ የመኪና ዝናብ መጥረጊያ ሞተር ከሆዱ ሥር ይታሰራል። ክንፉ ይነሳል፣ ይወርዳል፤ ይነሳል፣ ይወርዳል። አንዱን ዙር ያየ ሁሉንም አይቷል፤ እንቅስቃሴው የሞተሩ እንጂ የቅርጹ አይደለምና። በእኔ እምነት ሥራው መጀመር ያለበት ብረቱ በቀድሞ ኑሮው ይዞር፣ ይወዛወዝ ወይም ይለጠጥ ከነበረበት ቦታ ነው። መልኩ ከዚያ ይከተላል።

ለዚህ ነፋስን ምስክር ልጥራ። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ ደጅ የሚቆም ቅርጽ ሽውታ ሲነካው መንቃት፣ ዐውሎ ሲመጣም አለመገንጠል አለበት። ሁለቱን የሚያስታርቀው መገጣጠሚያውና ሚዛኑ ነው። አሜሪካዊው ጆርጅ ሪኪ (1907–2002 እ.ኤ.አ.) ረጃጅም ስል ክንፎቹን እንደ ቢላ አፍ በቀጠነ ድጋፍ ላይ አስቀምጦ ከታች በእርሳስ ያከብዳቸው ነበር። የክብደቱ ማዕከል ከመዞሪያው ጥቂት ብቻ ዝቅ ስለሚል ውዝዋዜው የተዝናና ይሆናል። እርሱ የተጠቀመው የማይዝግ ብረት ነው፤ ሕጉ ግን ለውዳቂውም ያው ነው። የብስክሌት ጎማ መሐሉ ላይ ያለው ኩሽኔታ ሰው ተሸክሞ እንዲዞር የተሠራ ነውና ከቆርቆሮ የተቆረጠ ክንፍ አይከብደውም። በአንዱ ወገን ክንፉ፣ በሌላው ጥቂት ዳዶ ይታሰራል፤ ዳዶ መጨመርና መቀነስ ፍጥነቱን መቃኘት ነው።

«ታዲያ ያለቀ ኩሽኔታ ከመለቃቀም አዲስ ገዝቶ መግጠም አይሻልም?» የሚል ይኖራል። ክብደት ለሚሸከመው ዋና ዘንግ፣ በተለይ ሰው ከሥሩ የሚያልፍ ከሆነ፣ አዎ ይሻላል፤ እዚያ ላይ ስለ ውበት መከራከር አያምርም። እንቅስቃሴ በሚያስተላልፈው ክፍል ግን መላላት ሀብት ነው። ጥርሱ የተበላ ማርሽ እየዘለለና እየተንገጫገጨ ስለሚሄድ ሁለት ዙር አንድ አይሆንም። ስዊዘርላንዳዊው ዣን ታንግሊ (1925–1991 እ.ኤ.አ.) ይህን አሳምሮ ያውቅበት ነበር። ማርች 17 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ግቢ ያቆመው ማሽን ከብስክሌት ጎማ፣ ከፒያኖ፣ ከሞተርና ከሌላም ውዳቂ የተገጣጠመ ሆኖ ራሱን በራሱ እንዲያፈርስ የታሰበ ነበር። በ27 ደቂቃ ውስጥ አንዳንዱ ክፍል እንደታቀደው ሠራ፣ ሌላው እምቢ አለ፤ በመጨረሻ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ገባበት። ለእኔ የሥራው ነፍስ ያ እምቢታ ነው። ዋጋ ግን ያስከፍላል፤ ባዝል የሚገኘው የታንግሊ ሙዚየም ማሽኖቹን ቀኑን ሙሉ አያሽከረክርም፣ ተመልካች ቁልፍ ሲረግጥ ለአጭር ጊዜ ሠርተው ያርፋሉ።

ከበድ ያለው ተቃውሞ የሚመጣው ከምናለሽ ተራ ነው። በዚህ የመርካቶ የውዳቂ ዕቃ ገበያ ብረት ወድቆ አይቀርም፤ በርሜሉ ምድጃ፣ ባሌስትራው ቢላ ይሆናል። እንጀራ የሚወጣበትን ብረት ወስዶ ወፍ መሥራት ቅንጦት አይደለም? ባሌስትራን ለላባነት ብቻ የሚፈልግ ቀራፂ ላይ ወቀሳው ልክ ነው። ብረት ቀጥቃጩ ከእርሱ ይልቅ ዕቃውን ያውቀዋል፤ የሚመርጠው ስለት የሚይዝ ብረት ስለሆነ ነውና። ያው ባሌስትራ በቅርጹ ውስጥ እየታጠፈ እየተመለሰ ክብደት የሚያወዛውዝ ከሆነ ግን የኖረበትን ሥራ ቀጠለ እንጂ አልባከነም።

እናም ምናለሽ ተራ ስትገቡ ከዓይናችሁ እጃችሁን አስቀድሙ። ዘንጉን አግድም ይዛችሁ ጎማውን በጣት ግፉትና አቋቋሙን ተመልከቱ። ሊቆም ሲል ወደ ኋላ እየተመለሰ ከተወዛወዘ ኩሽኔታው ጤነኛ ነው፤ ከባዱ ወገንም ከታች ቀርቷል፣ ዳዶው የሚታሰረው በተቃራኒው ነው። ድንገት ቀጥ ካለ ኩሽኔታው ተበልቷል፤ ዋጋውን አስቀንሱ።