የመስከረም 1 ገጽ

የቅዱሳንን ታሪክ በየቀኑ ከፍሎ የያዘው መጽሐፍ፣ በእጅ የተጻፈ ስንክሳር፣ ሲገለጥ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው በተጠላለፉ ክሮች የተሣለው ጌጥ፣ ሐረጉ ላይ ነው። ሐረጉ የገጹን ራስ ይይዛል፤ ከዚያ በዐምዶቹ መካከልና በጎን ይወርዳል። ከክሮቹ አንዱን መርጣችሁ ተከተሉት። አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች ያልፋል፤ ማዕዘኑ ላይ ይታጠፋል፤ ተራውን ግን አይስትም። ከሥሩ የመስከረም 1 ንባብ ይጀምራል።

ብራናው የፍየል ቆዳ ነው፤ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ ተወጥሮ፣ ሥጋውና ጠጉሩ ተፍቆ፣ በድንጋይ ታሽቶ የተገኘ። መስመሩ ቀለም የለውም። ጸሐፊው ዳርና ዳሩን በወስፌ ይወጋል፤ ከነጥብ እስከ ነጥብ ብራናውን ጭሮ ያሰምራል። ገጹን አዘንብላችሁ ወደ ብርሃን ስታዞሩት ጭረቱ ይታያል።

ጥቁሩ ቀለም ከጥቀርሻና ከተቆላ እህል ተዘጋጅቶ ወራት የቆየ ነው። ቀዩ የራሱ ቀንድና የራሱ ብርዕ አለው። በስንክሳር ቀይ ይበዛል፤ የቀኑ መክፈቻም የቅዱሳኑ ስምም በቀይ ነው። ጸሐፊው አንዳንዴ ጥቁሩን እየጻፈ ለቀዩ ቦታ ይተውና ኋላ ተመልሶ ይሞላዋል። የእጅ ልክ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ቦታው ከጠበበ ፊደሉ ይጨናነቃል፤ ከሰፋ ይራራቃል። የጥሩ ቁም ጸሐፊ ቀይና ጥቁር ግን በአንድ ጊዜ የተጻፈ ይመስላል። ክፍተቱ ሳይሞላ የቀረባቸው መጻሕፍትም አሉ፤ የሥራውን ቅደም ተከተል የሚያሳብቁት እነሱ ናቸው።

አሁን ወደ ንባቡ። መስከረም 1 ርእሰ ዓመት ነው። ሐዋርያው በርተሎሜዎስ ሰማዕትነት የተቀበለው በዚሁ ቀን ነው። የመልአኩ ራጉኤል በዓልም ነው። በማርቆስ መንበር ሦስተኛ ሆኖ የተቀመጠው ሚልዮስ ያረፈበት፣ ኢዮብም ታጥቦ ከቁስሉ የዳነበት ነው። በኢዮብና በሚልዮስ መካከል ያለውን ዘመን ገጹ አይቆጥርም። የሬዲዮና የጋዜጣ «ዛሬ በታሪክ» ዓመቱን ያስቀድማል፤ ከጥንቱ ወደ ቅርቡ ይደረድራል። ስንክሳር የሚያስረው በቀኑ ብቻ ነው። አንዱ ታሪክ ሲያልቅ «በዛቲ ዕለት» የሚል ቀይ ጽሑፍ ይመጣል፤ ሌላው ይቀጥላል። መጋጠሚያው ይህ ነው፤ አይደበቅም።

በየታሪኩ መጨረሻ አርኬ አለ፤ በሰላምታ የሚጀምር፣ አምስት ቤት ያለው፣ ሁሉም ቤት በአንድ ፊደል የሚመታ ግጥም። ከላይ ዐምድ ሙሉ የተተረከው ገድል እዚህ ይጨመቃል። ገልባጩ ብራና ስለሚቆጥብ ቤቱን ለብቻው መስመር አይሰጠውም፤ ከዝርዉ ጋር አያይዞ ይጽፈዋል። ስለዚህ ቤት መምታቱ የሚታወቀው ጮክ ብሎ ሲነበብ ነው።

መጽሐፉ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰ ነው፤ ምንጩ የግብጽ ቤተ ክርስቲያን ናት። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሲከለስ ብዙ የኢትዮጵያ ቅዱሳን ገቡበት። የምንጩ አሻራ በወሮቹ መግቢያ ላይ አለ። እያንዳንዱ ወር ሲጀምር የመዓልቱ ርዝመት ይነገራል፦ ጥቅምት 11 ሰዓት፣ ኅዳር 10፣ ታኅሣሥ 9፤ ከዚያ እያደገ ሰኔ ላይ 15 ይደርሳል። በእኛ አገር ቀንና ሌሊት እንዲህ አይበላለጡም፤ ለግብጽም ቢሆን የተጋነነ ነው። ገልባጮቹ ግን ቁጥሩን አልነኩትም። እኔ ይህን ስንፍና አልለውም፤ የተቀበሉትን እንደተቀበሉ ማስተላለፍ የሙያው ግማሽ ነበር።

ቀኑ ራሱ ምን ያህል ጸንቶ እንደተቀመጠ ለማየት የካቲት 23ን ውሰዱ። ወር በገባ በ23 ጊዮርጊስ ነው፤ የዐድዋ ጦርነትም በ1888 ዓ.ም. የዋለው በዚሁ ቀን ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ያኔ ማርች 1 ቀን 1896 ነበር። ዛሬ ያው የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ላይ ነው። አውሮፓውያን በ1900 ፌብሩዋሪን 29 ቀን አላደረጉትም፤ የኛ ጳጉሜን ግን በየአራት ዓመቱ 6 መሆኗን አላቋረጠችም። የተንሸራተተው የእነሱ ቀን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከንባቡ መጨረሻ፣ የቅዱሱ በረከት እንዲያድርበት ከሚለምነው ጸሎት ውስጥ፣ መጽሐፉን ያስጻፈው ሰው ስም ይገባል። ይህ በየቀኑ ስለሚደጋገም ስሙ በመጽሐፉ ውስጥ በመቶ በሚቆጠር ቦታ ይገኛል። መጽሐፉ እጅ ሲለውጥ አዲሱ ባለቤት የቀድሞውን ስም ያስፍቅና የራሱን ያስጽፋል። የተፋቀው ቦታ ይሳሳል፤ ጣት ያውቀዋል፤ አዲሱ ቀለምም ትንሽ ይፈስበታል። ያን ሁሉ ስም አንድ ሳያስቀሩ መፋቅ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ብዙዎች መካከል ላይ ይደክማሉ። አሮጌ ስንክሳር የማየት ዕድል ካገኛችሁና ማን እንዳስጻፈው ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ ወደ ውስጠኞቹ ቅጠሎች ሂዱ። ቀድሞ የሚፋቀው የፊተኛው ገጽ ነው።