የጠባቧ ጉሮሮ ጥበብ
የካርቡሬተር ሞተር ወደ ኤልፒጂ ሲለወጥ ዓይን የሚስበው ከኋላ የሚታሰረው የጋዝ ሲሊንደር ነው። እኔ የማደንቀው ግን ካርቡሬተሩ አፍ ላይ የምትቀመጠውን ቀለበት፣ ሚክሰሯን ነው። በተለመደው ዓይነቷ የሚንቀሳቀስ አካል የላትም፤ ኮምፒውተርም አታውቅም። አየሩ በጠባብ ጉሮሮዋ ሲያልፍ ይፈጥናል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ጋዙም በዙሪያዋ ባሉት ቀዳዳዎች ተስቦ ይገባል። ከኤልፒጂ ጋዞች አንዱ ለሆነው ፕሮፔን፣ ለ1 ኪሎው 15.6 ኪሎ ገደማ አየር ያስፈልጋል፤ ይህን ልክ ለማቀራረብ የምትጠቀመው የሞተሩን የራሱን ትንፋሽ ነው!

ጉሮሮዋ ከጠበበ ሞተሩ ዳገት ላይ ይታፈናል፤ ከሰፋ ደግሞ ስበቱ ይደክምና በሚኒሞ ይንገዳገዳል። ስለዚህ የምትመረጠው በሞተሩ ሲሲና በካርቡሬተሩ ዓይነት ነው። «ለሁሉም ትሆናለች» የሚል ሻጭ አይጥመኝም። ጎበዝ መካኒክ መጀመሪያ የካርቡሬተሩን አፍ ይለካል፤ ዋጋ የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው።