«በ40 በመቶ ይቀንሳል» የተባለው ምግብ፦ የኦቫሪ ካንሰርና መንገድ ላይ የቀሩት ቁጥሮች

«ስብ መቀነስ የኦቫሪ ካንሰርን በ40 በመቶ ይቀንሳል።» ይህን አባባል በአንድ መልክ ወይም በሌላ ሳትሰሙት አልቀራችሁም። ቁጥሩ ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ከጀርባው እውነተኛ ጥናት አለ፣ ያውም ጥሩ ጥናት። ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? በጥናቱ ውስጥ ከ40 ጎን የነበሩት ሌሎች ቁጥሮች መንገድ ላይ መቅረታቸው ነው። እስቲ ወደ ምንጩ እንመለስ።

ኦቫሪ የሴት እንቁላል የሚመረትበት አካል ነው፤ በማህፀን ግራና ቀኝ ይገኛል። ካንሰሩ ከማህፀን በር ካንሰር ጋር አንድ አይደለም። ይህን ልዩነት ያዙት፣ ኋላ ያስፈልገናል።

ጥናቱ «ዊመንስ ኸልዝ ኢኒሺየቲቭ» የተባለው ግዙፍ የአሜሪካ ምርምር አካል ነው። ከ1993 እስከ 1998 ባሉት ዓመታት ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 79 የሆነ፣ የወር አበባቸው የቆመ 48,835 ሴቶች ተመዘገቡ። በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። 40 በመቶዎቹ ከስብ የሚያገኙትን ኃይል ወደ 20 በመቶ እንዲያወርዱ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬና እህል እንዲጨምሩ ተመከሩ፤ የቀሩት እንደ ወትሮው በሉ። ዕጣው ትልቅ ነገር ነው። ሰው አመጋገቡን ራሱ ሲመርጥ ጤናማ የሚበላው ብዙ ጊዜ የማያጨስ፣ የሚንቀሳቀስ፣ ገንዘብም ያለው ይሆናል፤ ምግቡ ይሁን ኑሮው የረዳው ለመለየት ያስቸግራል። ዕጣ ይህን ያስተካክላል።

ጥናቱ በዋናነት የታሰበው ለጡትና ለትልቁ አንጀት ካንሰር ነበር። በ2006 የወጣው ውጤት በሁለቱም ላይ ግልጽ ቅናሽ አላሳየም። የኦቫሪው ውጤት በ2007 ተከተለ። 40 በመቶ የተባለውም የመጣው ከዚህ ነው።

አሁን ቁጥሩን እንፍታው። ከመጀመሪያዎቹ 4 ዓመታት በኋላ በነበሩት 4 ዓመታት ውስጥ፣ እንደ ወትሮው ከበሉት 1,000 ሴቶች መካከል በዓመት 0.64፣ ስብ ከቀነሱት መካከል 0.38 ያህል በኦቫሪ ካንሰር ተያዙ። 0.38ን ለ0.64 ስታካፍሉት 0.6 ገደማ ይመጣል፤ «40 በመቶ ቅናሽ» ማለት ይኸው ነው። በሰው ቁጥር እናስቀምጠው ካልን ደግሞ ከ10,000 ሴቶች በዓመት ከ6 በላይ የነበረው ወደ 4 ወረደ ማለት ነው። ልዩነቱ ከ10,000 ሴቶች 3 እንኳ አይሞላም። ሁለቱም አነጋገር ትክክል ነው። ነገር ግን «40 በመቶ» ብቻውን ሲነገር ሰሚው ከ100 ሴቶች 40 የዳኑ ነው የሚመስለው።

ሌላም አለ። የግምቱ ስፋት ከ4 እስከ 62 በመቶ ቅናሽ ይዘልቃል። 40 የመሃሉ ግምት ነው እንጂ የተረጋገጠ ልክ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ 4 ዓመታት ደግሞ ስብ በቀነሱት ዘንድ ቁጥሩ እንዲያውም ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር፤ ከ1,000 ሴቶች በዓመት 0.52፣ በሌላው ወገን 0.45። ይህ ልዩነት በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ነው። የ8 ዓመቱ በአንድ ላይ ሲታይም ቅናሹ ከአጋጣሚ በግልጽ አይለይም። ተመራማሪዎቹ ለዚህ ምክንያት አላቸው፦ ካንሰር ለማደግ ዓመታት ይፈጃል፣ የምግብ ለውጥም ቶሎ ላይታይ ይችላል። ተገቢ መላምት ነው፤ እነሱም በጽሑፋቸው ሁለቱንም የጊዜ ክፍሎች አስቀምጠዋል። የመጀመሪያውን ክፍል የጣለው ከእነሱ በኋላ ወሬውን የተቀባበለው ነው።

ደግሞስ «ስብ» ብቻ ነበር የተለወጠው? አይደለም። አትክልቱም እህሉም ተለውጧል፣ ትንሽ ክብደትም ቀንሷል። የ20 በመቶውን ግብም በአማካይ አልደረሱበትም፤ በመጀመሪያው ዓመት 24፣ በስድስተኛው ዓመት 29 በመቶ ገደማ ነበሩ። ስለዚህ የትኛው ለውጥ ምን እንደሠራ ከዚህ ጥናት ለይቶ ማውጣት አይቻልም።

እዚህ ላይ የእኛ ሰው ቶሎ የሚደርስበት መደምደሚያ አለ፦ «እንግዲያው ጾም ይከላከላል!» ቆዩ። የጾም ምግብ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነፃ ነው እንጂ ከስብ ነፃ አይደለም። በጥናቱ የተቆጠረው ቅቤ ብቻ ሳይሆን ዘይትም ጭምር ነው። ዘይት የተንሳፈፈበት ሽሮ ወይም በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ ጾም ነው፤ የተቀነሰ ስብ ግን አይደለም። ጾም የራሱ ምክንያት አለው፣ የካንሰር ማስረጃ ልናሸክመው አይገባም።

የሌሎቹም ወሬዎች ነገር ተመሳሳይ ነው። በ2004 የወጣ የስዊድን ጥናት በቀን 4 ጊዜና ከዚያ በላይ የወተት ተዋጽኦ የሚወስዱ ሴቶች በአንዱ የኦቫሪ ካንሰር ዓይነት የመያዝ ዕድላቸው እጥፍ መሆኑን አሳየ። በ2006 ግን 12 ጥናቶች፣ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሴቶች ተደምረው ሲታዩ ወተት፣ አይብም ሆነ እርጎ ግልጽ ዝምድና አልታየባቸውም፤ ደካማ ምልክት የቀረው በከፍተኛ የላክቶስ መጠን ላይ ብቻ ነው። በ2023 ደግሞ የብሪታንያ ተመራማሪዎች በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ ድርሻ በ10 በመቶ በጨመረ ቁጥር የኦቫሪ ካንሰር በ19 በመቶ ከፍ ማለቱን አመለከቱ። ይህም ዕጣ የሌለበት የክትትል ጥናት ነው፤ ሌላ ጥናት ያስጀምራል እንጂ ነገር አይቋጭም።

ታዲያ ጠንካራ ማስረጃ ያለው ምን ላይ ነው? ዕድሜ አለ። በዘር የሚተላለፍ የጂን ለውጥም አለ፦ በአሜሪካ ከ100 ሴቶች አንዷ ገደማ በዕድሜ ዘመኗ በዚህ ካንሰር ስትያዝ፣ ቢአርሲኤ1 በተባለው ጂን ላይ ጎጂ ለውጥ ካለባቸው ግን እስከ 80 ዓመት ድረስ 44 ያህሉ ይያዛሉ። መውለድ ዕድሉን ይቀንሳል። በ2008 የወጣ የ45 ጥናቶች ድምር እንዳሳየው የእርግዝና መከላከያ እንክብል በየ5 ዓመቱ አጠቃቀም ዕድሉን በ20 በመቶ ገደማ ያወርዳል። ይህ «እንክብል ጀምሩ» ማለት አይደለም፤ የራሱ ጉዳት ስላለው ከሐኪም ጋር የሚመከርበት ነው። ከምግብ ጋር የሚነካካውና የተሻለ ማስረጃ ያለው ከመጠን ያለፈ ውፍረት ነው።

«ምን አገባችሁ፣ ጤናማ ምግብ ማንንም አይጎዳ!» የምትሉ ትኖራላችሁ። ምግቡስ አይጎዳም። የሚጎዳው ተስፋው ነው፤ በሁለት በኩል። አንደኛ፣ የታመመችው ሴት «ምን በልቼ ነው?» እያለች ራሷን ትከሳለች። ማንም ሰው የእሷን ካንሰር ከሳህኗ ላይ ማንበብ አይችልም። ሁለተኛ፣ «እኔ ጥንቃቄ አደርጋለሁ» የምትለው ሴት ምልክቱ ሲመጣ ትዘናጋለች። የሆድ መነፋት፣ ትንሽ በልቶ መጥገብ፣ የታችኛው ሆድ ሕመም፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት። እኛ ዘንድ ይህ ሁሉ ስሙ አንድ ነው፦ ጨጓራ። ከዚያ ተልባ፣ ከዚያ የጨጓራ መድኃኒት፣ ከዚያ ሌላ ምግብ መተው፤ ወራት ያልፋሉ።

የማህፀን በር ምርመራ ይህን ካንሰር አይፈልግም፤ «ተመርምሬ ነፃ ነኝ» ማለት እዚህ አይሠራም። ምልክት ለሌላቸው ሴቶች የሚሆን ምርመራም አልተገኘም፦ በብሪታንያ ከ200,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበትና በ2021 ውጤቱ የወጣ ጥናት፣ በየጊዜው የሚደረግ የደምና የአልትራሳውንድ ምርመራ ሞትን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ስለዚህ የቀረን ምልክቱን አለመናቅ ነው። ከላይ የዘረዘርናቸው ነገሮች አዲስ ሆነው፣ በወር ከ12 ጊዜ በላይ እየተመላለሱ ካስቸገሩ፣ በተለይ ዕድሜ 50 ካለፈ፣ ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ «ኦቫሪዬም ይታይልኝ» በሉ። ምናልባት ጨጓራ ይሆናል። ይሁን፤ ታይቶ ጨጓራ ይባል።

ስብ መቀነስ ከፈለጋችሁም ቀንሱ፣ ለወገብ ይሆናል። ቀጣዩን «በ40 በመቶ» ስትሰሙ ግን ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ ከስንት ሰው ውስጥ ስንት? በስንት ዓመት? መልስ ከሌለው ለሌላ ሰው አታስተላልፉት።